የየኔታ ድምፅና የቴፑ ጉምጉምታ

በ1991 ዓ.ም. ጋይንት ውስጥ፣ በአንዲት የገጠር ጎጆ የቀረጽሁት የድጓ መምህር ድምፅ ሊጠፋ ተቃርቦ የነበረው በቴፑ እርጅና አልነበረም። እኔው «አጠራዋለሁ» ብዬ ነው።

ጋይንት የሄድሁት ያለ ነገር አይደለም። የድጓ ማስመስከሪያው ቤተልሔም እዚያ ነው። የዝማሬ መዋሥዕቱ ዙር አባም በዚያው በጋይንት በኩል ነው፤ ሌላው የዜማ ስልት ስሙን ያገኘባት ቆማ ደግሞ እስቴ ናት። በ16ኛው መቶ ዓመት፣ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የዜማውን ምልክት እንደ ሠሩ ይነገራል። ምልክቱ ከቃሉ በላይ በደቃቅ ፊደል የሚጻፍ ነው፤ ዜማውን ለሚያውቅ ያስታውሳል እንጂ ለማያውቅ አያስተምርም። የትንፋሹን ልክ ከየኔታ አፍ መቀበል ግድ ነው። እኔም የስምንት ሚሊሜትር ካሜራ ተሸክሜ የሄድሁት ለዚሁ ነበር።

ከዓመታት በኋላ አዲስ አበባ ውስጥ ቴፑን በሌላ ካሜራ ባጫውተው ከዜማው ሥር «ዝዝዝ» የሚል ጉምጉምታ አለ። አንድ ባለሙያ ወዳጄ ሰማና «የመብራት ነው» አለኝ፤ የአገራችን ኤሌክትሪክ በሰከንድ 50 ጊዜ ይመላለሳልና። 50ውንና ብዜቶቹን፣ 100ን፣ 150ን፣ 200ን፣ ቆርጠን አወጣን። ጉምጉምታው ሄደ፤ የኔታም አብረው ሄዱ! የወንድ ድምፅ መሠረቱ በ100 አካባቢ ስለሆነ የቀረልን በቆርቆሮ ውስጥ የሚያዜም ሰው ነበር።

ያን ሌሊት ነው የባነንሁት። ለመሆኑ በዚያች ጎጆ መብራት የት ነበረና? የቀረጽነው በባትሪ ነው።

ነገሩ ከማጫወቻው ኖሯል። በዚህ ዓይነቱ ቴፕ ድምፁ ከሥዕሉ ጋር የሚጻፈው በሚሽከረከር ከበሮ ላይ በተተከሉ ሁለት ራሶች ነው። በአገራችን በለመድነው የፓል ሥርዓት ከበሮው በሰከንድ 25 ጊዜ ሲዞር ራሶቹ 50 ጊዜ ይቀባበላሉ። ቴፑ የሚሄድበት መንገድ ጥቂት ከተዛነፈ በየመቀባበያው ድምፁ ይሰበራል፤ ያም ከመብራቱ ጋር መንታ የሆነ 50 ነው። የቀረጸችውን ካሜራ ከሣጥን አውጥቼ፣ ራሶቿን ጠርጌ ባጫውተው ጉምጉምታው ከሞላ ጎደል ጠፋ።

የቀረው ሌላ ነው። ማይክሮፎኑ ከካሜራው አካል ጋር የተሠራ በመሆኑ የሞተሩን እርርታ ይሰማል። ካሜራው ደግሞ ድምፅ ሲያንስበት በራሱ ፈቃድ ከፍ ያደርጋል፤ የኔታ ትንፋሽ በወሰዱ ቁጥር ሞተሩም ዶሮዋም ነፋሱም ያብጣሉ። ይህንንም ልቆርጥ ተነሥቼ ነበር። ማዳመጫ ጆሮዬ ላይ አድርጌ የሚቆረጠውን ስፈልግ ግን፣ በየትንፋሹ መሐል ከበር በኩል የልጅ ድምፅ ሰማሁ። የኔታ የጨረሱትን ሐረግ በለሆሳስ ይቀጽላል። አንዱን ሐረግ ሳተ። የኔታ ያንኑ ሐረግ መልሰው አዜሙለት፤ ቀጥሎ የወሰዱት ትንፋሽም ረዘም ያለ ነው፣ ልጁ አቅንቶ እስኪጨርስ።

እዚያው ተቀምጬ ነበር፤ ልጁን አላስተዋልሁትም። ቴፑን ከነሞተሩ ቀድቼ አስቀምጬዋለሁ።