የአንድ ኤሌክትሪክ ጊታር የትውልድ ምርመራ

ደሴ ከአዲስ አበባ ወደ አሥመራ በሚያመራው ታላቅ ጎዳና ላይ የተቀመጠች ስትሆን፣ ከእርሷ ዝቅ ብሎ በኮምቦልቻ ደግሞ ከዐሰብ ወደብ ተነሥቶ ባቲን የሚያልፈው መንገድ ከዚሁ ጎዳና ጋር ስለሚጋጠም፣ በዐሰብ ከመርከብ የወረደውና ከአሥመራ በመኪና የተጫነው የባሕር ማዶ ዕቃ፣ ጨርቁም ሬዲዮኑም የሙዚቃው መሣሪያም፣ ወደ መሐል አገር ሲዘልቅ ለብዙ ዘመን የወሎን ምድር ያቋርጥ ነበር። ከሚያልፈውም ጥቂቱ በዚያው ይቀር ነበር። በደሴ ሰኞ ገበያ በሚባለው ሰፈር፣ ሬዲዮና ቴፕ በሚጠገንበት በአንድ ጠባብ ሱቅ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ያየሁት አሮጌ ኤሌክትሪክ ጊታር እንዲህ ከቀሩት ዕቃዎች አንዱ ነው።

ባለቤቱ ሽማግሌ መሣሪያውን ከታላቅ ወንድማቸው የወረሱት ሲሆን፣ ለጥገና ያመጡትም የአሜሪካው የፌንደር ኩባንያ ሥራ ነው በሚል ሙሉ እምነት ነበር፤ መቃኛዎቹ በተተከሉበት በራሱም ላይ ይኸው ስም በነጭ ቀለም ተጽፎ ይታያል። ወጣቱ ጠጋኝ ግን ጽሑፉን በብርሃን አዘንብሎ ከተመለከተ በኋላ፣ «ጋሼ፣ አይቆጡኝና፣ ይህ ስም ፋብሪካ የጻፈው አይመስለኝም» አላቸው። ሽማግሌው አልተቆጡም፤ ነገር ግን ፊታቸው ላይ የታየው ኀዘን፣ የአንድ ዕቃ ሀገርና ዘመን ለባለቤቱ ከዋጋው በላይ ትርጉም እንዳለው የሚያስረዳ ነበር። ስለዚህም ምርመራው በጥንቃቄ ሊደረግ የሚገባው ሆነ።

አንድ የብራና መጽሐፍ የጸሐፊው ስምና የተጻፈበት ዘመን ሳይመለከትበት ቢገኝ፣ የሚመረምረው ሊቅ የፊደሉን ቅርጽ፣ የቀለሙን ጠባይ፣ የጥራዙን ስፌት፣ የገበታውንም እንጨት እያነጻጸረ ዘመኑን ይገምታል፤ በኋላ ዘመን በኅዳጉ የገባውን ጽሕፈትም ከመጀመሪያው እጅ ለይቶ ያነባል። ከደሴ ብዙም በማይርቀው በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም የሚታወቀው የ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የአባ ኢየሱስ ሞዓ ወንጌል፣ ከቅዱሱ ቃል ሌላ የስጦታና የታሪክ ማስታወሻዎችን አብሮ በመያዙ፣ ለሃይማኖቱም ለታሪኩም ምስክር ሊሆን በቅቷል። ኤሌክትሪክ ጊታርም፣ ምንም እንኳ ዓለማዊ ዕቃ ቢሆን፣ በዚሁ ሥርዓት ቢመረመር ምስጢሩን አይደብቅም፤ የመጀመሪያውን የፋብሪካ እጅ ከኋለኛው የጠጋኝ እጅ መለየት የምርመራው ሁሉ መሠረት ነውና።

በዚህ ሥርዓት መሠረት በራስ ላይ የተጻፈ ስም ከሁሉ የደከመ ምስክር ነው። ስም ይፋቃል፣ ይለጠፋል፣ በቀለምም ይጻፋል፤ የእንጨቱ ቅርጽ ግን እንዲህ በቀላሉ አይለወጥም። የፌንደር ጊታሮች ስድስቱን መቃኛዎች በአንድ ወገን አሰልፈው ሲይዙ፣ የሌላው አሜሪካዊ ኩባንያ የጊብሰን ጊታሮች ደግሞ በአብዛኛው ሦስት በሦስት አድርገው በግራና በቀኝ ይከፍሏቸዋል። የሰኞ ገበያው ጊታር ግን አራቱን በአንድ ወገን፣ ሁለቱን በሌላው ወገን ይዞ ተገኘ። ይህ አከፋፈል በ1960ዎቹ አጋማሽ በአውሮጳ አቆጣጠር (የውጭ ፋብሪካዎችን ዓመታት ሁሉ የምሰጠው በዚሁ ነው) ቴይስኮ የተባለው የጃፓን ኩባንያ በሠራቸው ጊታሮች በእጅጉ የታወቀ ምልክት ስለሆነ፣ ጥርጣሬያችን በአንድ ጊዜ ከአሜሪካ ወደ ሩቅ ምሥራቅ ዞረ።

ጠጋኙ ጊታሩን ገልብጦ፣ አንገቱን ከገላው ጋር በአራት ብሎን የሚያጣብቀውን የብረት ዝርግ በጨርቅ ሲወለውለው፣ ለዓመታት የተከማቸው እድፍ ተገፎ በላቲን ፊደል የተቀረጸ ጽሑፍ ብቅ አለ፤ ትርጓሜውም አንገቱ በብረት የተጠናከረ መሆኑንና በጃፓን መሠራቱን የሚናገር ነው። የፌንደር ቢሆን ኖሮ ከ1950ዎቹ አጋማሽ እስከ 1976 በዚሁ ቦታ የምናገኘው ተራ ቁጥር ነበር፤ ኩባንያው በ1965 መጀመሪያ ሲቢኤስ ለተባለው ኩባንያ በ13 ሚሊዮን ዶላር ከተሸጠ በኋላም በዝርጉ ላይ ከቁጥሩ ሌላ ትልቅ የፌንደር ስም የመጀመሪያ ፊደል ይቀረጽ ነበር። እዚህ ቁጥርም ፊደልም የለም።

ቴይስኮ በ1946፣ ጃፓን ከጦርነቱ ፍርስራሽ ገና ሳትነሣ፣ በቶኪዮ የተመሠረተ ሲሆን፣ በ1964 ቢትልስ የተባሉት የእንግሊዝ ወጣቶች በአሜሪካ ቴሌቪዥን ታይተው የዓለምን ወጣት ሁሉ ጊታር ባስመኙበት ወራት፣ ዋጋቸው የቀለለ ጊታሮችን በብዛት እየሠራ ወደ ውጭ ይልክ ነበር። ከአንዱ ፋብሪካ የወጣው ዕቃ እንደ አስመጪው ፈቃድ አንድ ጊዜ ቴይስኮ ዴል ሬይ፣ ሌላ ጊዜ ሲልቨርቶን፣ ሌላ ጊዜም ሌላ ስም እየተሰጠው ይሸጥ ስለነበር፣ ስም በዚህ ወገን ጊታር ላይ ከመጀመሪያውም ብዙ ክብደት አልነበረውም። በ1967 ኩባንያው ካዋይ ለተባለ ሌላ የጃፓን ኩባንያ ተሸጠ። እንግዲህ አራት በሁለት የተከፈለው ራስና የብረቱ ዝርግ ተባብረው የሰኞ ገበያውን ጊታር ወደ 1960ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ ያስጠጉታል።

ፈራጅ ግን በሁለት ምስክር ብቻ አይቸኩልም፤ ሌሎቹንም ወደረኞች ማሰናበት ያስፈልጋል። ለአገራችን ቅርብ የነበረችው ኢጣልያም በ1959 በሬካናቲ ከተማ የተመሠረተውን ኤኮ የተባለ የጊታር ፋብሪካ ነበራት፤ አካባቢው አስቀድሞ በአኮርዲዮን ሥራ የታወቀ ስለነበረ፣ የመጀመሪያዎቹ የኤኮ ጊታሮች ገላቸው በአኮርዲዮን በሚለበጠው አንጸባራቂ ፕላስቲክ የተሸፈነ፣ ድምፅ መምረጫቸውም እንደ አኮርዲዮን በቁልፍ የሚጫን ሆኖ ተሠራ። የእኛው ጊታር በቫርኒሽ እንጂ በፕላስቲክ አልተሸፈነም። ምዕራብ ጀርመን ሆፍነርና ፍራሙስን፣ ምሥራቅ ጀርመን ከማርክኖይኪርሸን ከተማ ሙዚማን፣ ቼኮስሎቫኪያ ዮላናን፣ ሶቪየት ኅብረትም ከስቬርድሎቭስክ ኡራልን አውጥተዋል፤ በአገራችን ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በኋላ ከምሥራቁ ዓለም ጋር የነበረውን ወዳጅነት የሚያስታውስ መርማሪ እነዚህንም ስሞች ከኅሊናው ሊያርቅ አይገባውም። በዚህ ጊታር ላይ ግን ከእነርሱ ወገን የሆነ አንዳች ምልክት አልተገኘም።

ከዚህ በኋላ ጠጋኙ በካቻቪቴ የፊቱን ሽፋን ፈታ፤ በእኔ አስተያየት የአሮጌ ጊታር እውነተኛ ታሪክ የሚነበበው እዚህ ውስጥ ነው። ከክሮቹ በታች የተቀመጡት ፒክአፖች እያንዳንዳቸው ማግኔት ያዘሉ ሲሆን፣ በዙሪያቸው ከጠጉር የቀጠነ የመዳብ ሽቦ ብዙ ሺህ ጊዜ ተጠምጥሞባቸዋል። የብረቱ ክር ሲርገበገብ የማግኔቱን ኃይል ስለሚያውከው በሽቦው ውስጥ ደካማ የኤሌክትሪክ ማዕበል ይፈጠርና በአምፕሊፋየሩ ጎልምሶ ድምፅ ይሆናል፤ ይህንንም ጥበብ ጆርጅ ቢቻም የተባለ አሜሪካዊ በ1930ዎቹ መጀመሪያ ለሥራ አብቅቶ በ1937 የፈጠራ መብት ተሰጥቶበታል። ባለ አንድ ጥምጥም የሆነው ፒክአፕ ከክሩ ድምፅ ጋር የመብራቱን ጉምጉምታ አብሮ ስለሚስብ፣ የጊብሰኑ ሴት ሎቨር ሁለት ጥምጥሞችን በተቃራኒ አጋጥሞ ጉምጉምታው እርስ በርሱ እንዲጠፋፋ አደረገ፤ ማመልከቻውን በ1955 አስገብቶ መብቱ በ1959 ጸደቀለት፤ ጊብሰንም በዚያ ዘመን መብት መጠየቁን የሚናገር ትንሽ ወረቀት ከፒክአፖቹ በታች ይለጥፍ ነበር። ዛሬ ያቺ ወረቀት ብቻዋን የጊታሩን ዋጋ ከፍ ታደርጋለች። የእኛው ፒክአፖች ባለ አንድ ጥምጥም ናቸው፤ ወረቀትም የለባቸውም።

የሚያስደንቀው የተገኘው ግን ከድምፅ መጠን መቆጣጠሪያዎቹ ላይ ነበር። በአሜሪካ የተሠሩ መቆጣጠሪያዎች በጀርባቸው ቁጥር ይታተምባቸዋል፤ የመጀመሪያዎቹ ሦስት አኃዞች ሠሪውን ሲያመለክቱ፣ 137 ሲቲኤስ የተባለውን፣ 304 ደግሞ ስታክፖል የተባለውን ኩባንያ ይወክላሉ፤ ቀጥለው የሚመጡት ዓመቱን፣ የመጨረሻዎቹ ሁለቱም የዓመቱን ሳምንት ይናገራሉ። ስለዚህ 1377123 የሚል ቁጥር ቢገኝ፣ ሲቲኤስ በ1971 በ23ኛው ሳምንት የሠራው ነው ማለት ነው። በሰኞ ገበያው ጊታር ከሁለቱ መቆጣጠሪያዎች አንዱ እንዲህ ያለ ቁጥር የሌለበት ሲሆን፣ ሁለተኛው ግን በ137 የሚጀምርና 1971ን የሚያመለክት ነው። ጀማሪ መርማሪ ይህን ሲያይ ጊታሩ አሜሪካዊ ነው፣ ወይም በ1971 ተሠራ ብሎ ሊፈርድ ይችላል፤ ዳሩ ግን በዚህኛው ዙሪያ ያለው የቆርቆሮ ብየዳ ከሌላው የወፈረና የተዝረከረከ፣ ሽቦውም ቀለሙ የተለየ ስለሆነ፣ ክፍሉ ከ1971 በኋላ በጠጋኝ እጅ መግባቱን ያስረዳል። እንዲህ ያለው መቆጣጠሪያ በሬዲዮም በአምፕሊፋየርም ውስጥ ይገኛልና፣ ያ ስሙ ያልታወቀ ባለሙያ ከሌላ ዕቃ ፈትቶ ቢተክለው አያስገርምም። ቁጥሩ የሚነግረን ዕቃው ከዚያ ቀን አስቀድሞ ሊኖር አለመቻሉን እንጂ የተተከለበትን ቀን አይደለም፤ ፌንደር ራሱ በ1966 በብዛት የገዛቸውን መቆጣጠሪያዎች እስከ 1969 ድረስ ሲጠቀምባቸው መቆየቱ ለዚህ ማስረጃ ነው።

ክሮቹን የሚሸከመው በርኩማም የፋብሪካው አልነበረም። ከወፍራም አሉሚኒየም ተቆርጦ በሞረድ የተስተካከለ ነው፤ በአንገቱ ጫፍ ክሮቹን የሚያራርቀውም ከከብት ቀንድ የተፋቀ ሆኖ ተገኘ። ይህን ያበጀው እጅ የክራርን ወይም የበገናን ሥራ የሚያውቅ ሳይሆን አይቀርም ብዬ አምናለሁ፤ የቀንዱ ልስላሴና የቦዮቹ እኩልነት የጥድፊያ ሥራ አይመስልምና።

ይህ ሁሉ የሚደክምለት ስለ አንድ እንጨት ብቻ አይደለም። በአገራችን ዘመናዊ ሙዚቃ ባበበበት ዘመን፣ አምሃ እሸቴ በ1961 ዓ.ም. የራሱን የሸክላ ማሳተሚያ አቋቁሞ የድምፃውያኑን ሥራ ሲያወጣ፣ የወልድያው ተወላጅ አያሌው መስፍን ጥቁር አንበሳ የተባለውን ባንድ ሲመራ፣ የአይቤክስ ባንድ ጊታሪስት ሰላም ስዩም በ1975 በአውሮጳ አቆጣጠር በወጣው በማሕሙድ አሕመድ «ኧረ መላ መላ» ሲጫወት፣ የኤሌክትሪክ ጊታር ድምፅ ከሕዝቡ ጆሮ ጋር ተዋህዷል። በአሥመራ እስከ 1977 በአውሮጳ አቆጣጠር በቆየው በቃኘው የአሜሪካ ጦር ሠፈር የነበረው ሬዲዮም የዚያን አገር ሙዚቃ ለከተማው ወጣት ያሰማ ነበር። ከአብዮቱ በኋላ ደግሞ በየክፍለ ሀገሩ የኪነት ቡድኖች ሲቋቋሙ፣ ማሪቱ ለገሠን ያፈራው የወሎው ላሊበላ ኪነት የዚህን ምድር ዜማ ከዳር እስከ ዳር አሰማ። ከአራቱ ቅኝቶቻችን ሁለቱ፣ ባቲና አምባሰል፣ ስማቸውን ከወሎ አገሮች የወሰዱ ናቸው፤ ጊታር ደግሞ በአንድ ኦክታቭ ውስጥ አሥራ ሁለት እኩል እርከን ይዞ የመጣ እንግዳ ነው፤ ከእነዚያ አሥራ ሁለቱ አምስቱን ብቻ መርጦ አምባሰልን ማናገር የተጫዋቾቻችን ጥበብ ነበር። ስለ ድምፃውያኑ ብዙ ተጽፏል። እነዚያ ድምፆች የወጡባቸው መሣሪያዎች ግን በየሱቁ ተሰቅለው፣ በየጓዳው ተቀብረው፣ ማን እንደ ሠራቸውና ማን እንዳደሳቸው ሳይጠየቁ እያለቁ ናቸው። ይህ ያሳዝነኛል።

ከሁሉም የሚጎዳቸው የቸኮለ እድሳት ነው። ቫርኒሹ ተፍቆ አዲስ ቀለም ሲቀባ፣ የቆየው ብየዳ ተጠርጎ አዲስ ሽቦ ሲዘረጋ፣ የተፈቱት ክፍሎችም ወደ ጥራጊ ሲጣሉ፣ የፋብሪካውም የጠጋኙም ምስክርነት አብሮ ይጠፋል። መሣሪያው ዳግመኛ ይጮህ ዘንድ የሚያስፈልገውን ብቻ ማደስ፣ ከመፍታት በፊት ፎቶግራፍ ማንሣት፣ የወጣውንም ክፍል ቀን ጽፎ ማስቀመጥ ለማንኛውም ሱቅ የሚከብድ ሥራ አይደለም።

ሽማግሌው የምርመራውን ፍጻሜ ሰምተው ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ፣ «ታዲያ ይህ የውሸት ስም ይፋቅ?» ብለው ጠየቁን። እኔ ይቅር አልኳቸው፤ የጃፓኑን ጊታር በነጭ ቀለም ፌንደር ብሎ የሰየመው እጅ፣ ምናልባትም የወንድማቸው ሊሆን ይችላልና፣ የዚያ ዘመን ወጣት ምን ይመኝ እንደ ነበረ የሚናገር ሌላ ምስክር ነው፤ ሐሰት መሆኑ ከታወቀ በኋላ ማንንም አያታልልም። ወጣቱም በዚሁ ተስማማ። የቀንዱንና የአሉሚኒየሙን ሥራ እንዳሉ ትቶ፣ የ1971ዱን መቆጣጠሪያ ጠርጎ መለሰው፤ የለወጠው የዛገውን የፒክአፕ ማብሪያ ብቻ ሲሆን፣ አሮጌውንም በላስቲክ ጠቅልሎ፣ ከየት እንደ ወጣና መቼ እንደ ተለወጠ በወረቀት ጽፎ በጊታሩ ማኅደር ኪስ ከተተው። ሽማግሌው ወረቀቱን አንብበው፣ የወንድማቸውንም ስም በሥሩ እንዲጨምርላቸው ጠየቁት።