ማኅተም የሌለው ደብዳቤና ደጅ ያስቀረ ቁልፍ

ሆርሙዝ ራሳም ምጽዋ ላይ ከዓመት በላይ ሲጠብቅ ከርሞ፣ በ1857 ዓ.ም. ክረምት ከዐፄ ቴዎድሮስ ደብዳቤ ደረሰው። የእንግሊዝ መንግሥት የላከው የታሰሩትን ቆንስል ካሜሮንንና ሌሎች አውሮፓውያንን እንዲያስፈታ ነበር። ደብዳቤው በትግራይ ሳይሆን በመተማ ዞሮ እንዲመጣ ያዛል። ችግሩ ፊርማም ማኅተምም የለበትም። ይህ እንደ ዋዛ የሚታለፍ ጉድለት አይደለም። የኢትዮጵያ ነገሥታት ማኅተም ያርፍ የነበረው በደብዳቤው አናት ላይ ነው፤ ተቀባዩ ገና ቃሉን ሳያነብ ላኪውን ያውቅ ነበር።

ራሳም ከዶክተር ብላንክና ከሌተናንት ፕሪዶ ጋር በከሰላ ዞሮ በኅዳር 1858 መተማ ደረሰ። መተማ ያኔ ተክሩር የሚባሉ ሰፋሪዎች ገበያ ናት፤ ገዥዋ ሼኽ ጁማ ለግብፅም ለኢትዮጵያም ይገብራል። በሁለት ጌታ መካከል ያለ በር ማንን እንደሚያስገባ በራሱ አይወስንም። እንግዶቹ ለንጉሡ መድረሳቸውን ጽፈው እንደገና ተቀመጡ። ታኅሣሥ ላይ በአክብሮት የተጻፈ መልስ መጣላቸውና ዛሬ ኮኪት ያለችበትን ቆላ ይዘው ወህኒ በምትባለው ቦታ በኩል ወደ ደጋው ወጡ። ጥር ላይ ዳሞት ውስጥ ንጉሡ በክብር ተቀበሏቸው፤ ብዙ ሳይቆይ ግን እነሱም መቅደላ ላይ በሰንሰለት ታሰሩ፤ የተፈቱት በሚያዝያ 1860 ነው። ራሳም ማንነቱን ለማሳየት የንግሥት ቪክቶሪያን ደብዳቤ ይዟል። በሩ ወዴት እንደሚያስገባው የሚያረጋግጥለት ግን አልነበረም።

ይህ ሁለተኛው ጥያቄ፣ በሩስ ማነው የሚለው፣ በኮምፒውተር ዓለምም ዘግይቶ ነው የተነሳው። እስከ 1990ዎቹ ድረስ (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ቴልኔትን የመሰሉ ፕሮግራሞች የይለፍ ቃልን ሳይሸፍኑ በመስመሩ ይልኩት ነበር። በ1995 በሄልሲንኪ የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ኔትወርክ ላይ የይለፍ ቃል አድብቶ የሚሰበስብ ፕሮግራም ተገኘ። እዚያው ተመራማሪ የነበረው ታቱ ኡሎነን መስመሩን የሚሸፍነውን ፕሮግራም፣ ኤስኤስኤችን፣ ጽፎ በዚያው ዓመት በነጻ ለቀቀው። የወሰደው ፖርት 22 ነው፤ በኤፍቲፒ 21 እና በቴልኔት 23 መካከል ክፍት የነበረው ቦታ። በኡሎነን አሠራር ሰርቨሩም የራሱን ቁልፍ ያሳያል፣ ተጠቃሚውም የራሱን። ቁልፉ የግልና የአደባባይ የሚባሉ ሁለት ግማሾች አሉት፤ የግሉ ከባለቤቱ ኮምፒውተር አይወጣም፤ ወደ ሰርቨሩ የሚሄደው የአደባባዩ ብቻ ነው።

ሊነስ ቶርቫልድስ በ2005 የኮድ ለውጥ መከታተያውን ጊትን ሲጀምር ይህ መንገድ ተዘጋጅቶ ጠበቀው። የጊት ተጠቃሚዎች ኮዳቸውን የሚያስቀምጡበት ጊትሃብ ከነሐሴ 2021 ጀምሮ ኮድ ለመላክና ለመውሰድ የመለያውን የይለፍ ቃል አልቀበልም ሲል ደግሞ፣ ቁልፍን ሲሸሽ የኖረው ሁሉ ቁልፍ ወይም ቶክን ፍለጋ ወጣ።

ያኔ ብዙዎች የተዋወቁት መልእክት «ፈቃድ ተከልክሏል፣ የአደባባይ ቁልፍ» የሚለው ነው። ክፉ መልእክት ነው፤ የቱ እንደጎደለ አይናገርም። ቁልፉ ሐሰተኛ የሚሆነው አልፎ አልፎ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ጭራሽ አልቀረበም፣ ወይም የአደባባዩ ግማሽ በጊትሃብ መለያው ላይ አልተመዘገበም። የግል ቁልፉን ፋይል ሌላ ሰው ማንበብ የሚችል ከሆነም ኤስኤስኤች ራሱ አልነካውም ይላል፤ ፈቃዱን ወደ 600 ማጥበብ ነው መድኃኒቱ። የኤስኤስኤች ትእዛዝ ላይ ዳሽ ቪ ሲጨመርበት ፕሮግራሙ የትኞቹን ቁልፎች እንዳቀረበ አንድ በአንድ ይዘረዝራል። ከዚህ ሳይጀምሩ አዲስ ቁልፍ መፈልፈል ጊዜ ማባከን ነው።

አንድ ደንብ ግን ጀማሪን ሁሉ ያሳስታል። ጊትሃብ ዘንድ ማንም በራሱ ስም አያንኳኳም፤ ሁሉም «ጊት» በሚል አንድ ስም ይገባል፣ ማን መሆኑን የሚለየው ቁልፉ ብቻ ነው። ሁለት ሰው በሚጋራው ኮምፒውተር ላይ አንዱ በኤስኤስኤች ትእዛዝ ላይ ዳሽ ትልቁ ቲን ጨምሮ መግባቱን ሲሞክር የባልደረባው ስም ተጠርቶ ሰላምታ የሚደርሰው ለዚህ ነው። በሩ ተከፍቷል፣ ግን ለሌላ ሰው፤ ኮዱ ሲላክ ይከለከላል። በኮንፊግ ፋይሉ ውስጥ ለዚያ በር የሚቀርበውን ቁልፍ በስም ወስኖ ሌላው እንዳይቀርብ መከልከል ነገሩን ይፈታዋል። ፖርት 22 በሚዘጋበት ኔትወርክ ላይ ያለ ሰው ደግሞ በ443 ማለፍ ይችላል፤ ጊትሃብ ለዚሁ ብሎ ሌላ አድራሻ ከፍቷል።

በሩ ራሱ የተጠረጠረበት ቀንም መጣ። በመጋቢት 2023 አርኤስኤ የተባለው ዓይነት የጊትሃብ ሰርቨር ቁልፍ የግል ግማሽ ለማንም ክፍት በሆነ የኮድ ማከማቻ ላይ ለአጭር ጊዜ ታየ። ድርጅቱ ቁልፉን ወዲያው ለወጠ፤ በዓለም ዙሪያ ተርሚናሎች የሰርቨሩ ማንነት ተቀይሯል እያሉ ማስጠንቀቅ ጀመሩ። ማስጠንቀቂያውን ዝም ብሎ ማለፍ ለአስመሳይ ሰርቨር ደጅ መክፈት ነው። ትክክለኛው መንገድ የአሮጌውን ቁልፍ መስመር ከታወቁ ሰርቨሮች ፋይል አውጥቶ፣ የአዲሱን ቁልፍ የጣት አሻራ ድርጅቱ ካሳተመው ጋር ፊደል በፊደል ማመሳከር ነበር። የሰርቨሩን ማንነት ኢዲ25519 በተባለው ሌላ ዓይነት ቁልፍ ሲያረጋግጡ የቆዩትን ግን ለውጡ አልነካቸውም።