የጀማሪ ክላርኔት መጽሐፍ ለማን ተጻፈ?

ለልጅ የመጀመሪያውን የክላርኔት መማሪያ መጽሐፍ መምረጥ የመምህሩ ምርጫ ብቻ ይመስላል። የመጻሕፍቱ ታሪክ ግን ከዚያ ያለፈ ነገር ያሳያል። እያንዳንዱ መጽሐፍ የአንድ ተቋም ፍላጎት መልስ ሲሆን፣ ያ ፍላጎት ልጁ ከየትኛው ኖታ እንደሚጀምር ሳይቀር ይወስናል።

የፓሪስ ኮንሰርቫቶሪ እ.ኤ.አ. በ1795 ሲቋቋም አንዱ መሠረቱ የብሔራዊ ዘብ ሙዚቀኞችን ያሠለጥን የነበረው ትምህርት ቤት ነበር። አብዮታዊው መንግሥት ለአደባባይ በዓላቱና ለጦር ሠራዊቱ በርካታ የትንፋሽ መሣሪያ ተጫዋቾችን ይፈልግ ነበር። ተቋሙም ትምህርቱ በየመምህሩ ልማድ እንዳይለያይ ይፋዊ መማሪያዎችን አስጻፈ። ዣቪየር ለፌቭር ለባለ ስድስት ቁልፍ ክላርኔት ያዘጋጀው መጽሐፍ በ1802 ወጣ። ከአርባ ዓመት በኋላ ያሳንት ክሎዜ ከመሣሪያ ሠሪው ኦጉስት ቡፌ ጋር ባለ 17 ቁልፍና ባለ 6 ቀለበት ክላርኔት አበጀ፤ በ1843 ያሳተመው መማሪያም አዲሱን መሣሪያ የሚያስተዋውቅ ነበር። ሁለቱም መጻሕፍት መምህሩ ራሱ የክላርኔት ባለሙያ መሆኑን ታሳቢ ያደርጋሉ።

በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በአሜሪካ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች የተነሣው ጥያቄ የተለየ ነበር፤ አንድ መምህር ክላርኔት፣ ጥሩምባና ሌላም መሣሪያ የያዙ ልጆችን በአንድ ክፍል እንዴት ያስተምር? ጆሴፍ ማዲና ታዴየስ ጊዲንግስ በ1923 ያወጡት «ዩኒቨርሳል ቲቸር» ለዚህ መልስ ሰጠ፤ ልጆቹ ቀላል ዜማዎችን ከመጀመሪያው አንሥቶ አብረው ይጫወታሉ። ለግል መምህር የሚከፍል ወላጅ የሌለው ልጅም የሙዚቃ በር ተከፈተለት። ዛሬ የትምህርት ቤት ባንዶች የሚጠቀሙባቸው መማሪያዎች የዚህ አሠራር ወራሾች ናቸው።

አሠራሩ ግን ዋጋ አለው። በሳክስፎን የላይኛውን ድምፅ የሚከፍተው ቁልፍ አንድ ኦክታቭ ሲያሻግር፣ በክላርኔት የሚያሻግረው አሥራ ሁለት ድምፅ ነው። ስለዚህ በታችኛውና በላይኛው ድምፅ መካከል አስቸጋሪ መሻገሪያ አለ፤ ቀዳዳዎቹ ከሞላ ጎደል ክፍት ከሆኑበት ኖታ ሁሉንም ማለት ይቻላል በአንድ ጊዜ ወደሚሸፍን ኖታ መዝለል ይጠይቃል። ባንዱ በጋራ የሚለማመደው የተለመደ ስኬል ክላርኔቱን በዚህ መሻገሪያ ላይ ያሳልፈዋል፤ ጥሩምባው ግን እንዲህ ያለ የጣት ዝላይ አይገጥመውም። ጣቱ ቀዳዳውን በሚገባ ያልሸፈነ ልጅ መሣሪያው ሲጮህበት ጉድለቱን የራሱ ተሰጥኦ ማነስ አድርጎ ሊቆጥረው ይችላል። ለክላርኔት ብቻ የተጻፈ መጽሐፍ ግን ተማሪውን በታችኛው ድምፅ አቆይቶ፣ ጣቶቹ በለመዱት አያያዝ ላይ አንዲቱን ቁልፍ በመጨመር ወደ ላይ ሊያወጣው ይችላል።

ስለዚህ «የትኛው መጽሐፍ ይበልጣል?» ከሚለው በፊት «ልጁ የሚማረው የት ነው?» የሚለው ይቀድማል። በባንድ ክፍል ውስጥ ላለ ልጅ የክፍሉን መጽሐፍ መተው ከጓደኞቹ መነጠል ነው፤ የሚሻለው ለክላርኔት ብቻ የተዘጋጀ መማሪያ በጎን መጨመር ነው። ከመምህር ጋር ለብቻው ለሚማር ግን የኋለኛው ዋና መጽሐፍ ሊሆን ይገባል። በሁለቱም ዘንድ ወላጅ ሊመረምረው የሚችል ቀላል መለኪያ አለ፤ መሻገሪያው በየትኛው ገጽ ይመጣል? ከእርሱስ በፊት ስንት ገጽ ዝግጅት አለ?