ከትልቁ ቤት ጀርባ ያሉ የሥራ ቤቶች፦ ምዝገባና ጥበቃ በእንግሊዝ

በእንግሊዝ ገጠር በሚገኙ የባላባት ግቢዎች ጎብኚን የሚስበው ትልቁ መኖሪያ ቤት ነው። የግቢው ኑሮ የቆመው ግን ከጀርባው በነበሩት የፈረስ ጋጣዎች፣ ጎተራዎች፣ የወተት ቤቶችና የአትክልተኞች ክፍሎች ነበር።

በኮርንዎል የሚገኘው የትሬሜይን ቤተሰብ ርስት ሄሊገን ለዚህ ምስክር ነው። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ አትክልቱ ጠፍ ሆኖ በቁጥቋጦ ተዋጠ። እ.ኤ.አ. በ1990 ምንጣሮ ሲጀመር በሠራተኞች መጸዳጃ ቤት ግድግዳ ላይ የአትክልተኞች ስሞች ተጽፈው ተገኙ፤ ቀኑ ነሐሴ 1914 ይላል። ከጻፉት አንዳንዶቹ ከጦርነቱ አልተመለሱም። ግድግዳው ሳይመረመር ኖራ ተቀብቶ ቢሆን ኖሮ ይህ ጽሑፍ ይጠፋ ነበር።

አርሶ አደርን ይበልጥ የሚያስገርመው ግን የአናናስ ማብቀያ ጉድጓዱ ነው። ተክሉ በመስታወት በተከደነው መካከለኛ ቦይ ይቀመጣል፤ ግራና ቀኝ ያሉት ቦዮች በትኩስ የፈረስ ፋንድያ ይሞላሉ። ፋንድያው ሲብላላ የሚወጣው ሙቀት በጡብ ግድግዳው ክፍተቶች አልፎ ተክሉን ያሞቃል። ጉድጓዱ ታድሶ እ.ኤ.አ. በ1997 ፍሬ ሰጥቷል። እነዚህን ክፍተቶች ብልሽት መስለውት የሚደፍን ግንበኛ ግን ጥበቡን ሁሉ ባጠፋው ነበር።

ልኬት፣ ንድፍና ፎቶግራፍ ጥገናን የሚቀድሙት ስለዚህ ነው። ሂስቶሪክ ኢንግላንድ የተባለው የቅርስ ተቋም ምዝገባውን በ4 ደረጃዎች ከፍሎታል፤ ዝቅተኛው የሚታየውን ገጽታ ብቻ ይይዛል፣ ከፍተኛው የሕንፃውን ታሪክ በጥልቀት ይተነትናል። በሕግ በኩል፣ ዋናው ቤት በቅርስነት ከተመዘገበ፣ እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 1 ቀን 1948 በፊት በግቢው የተሠሩ ቤቶችም በአብዛኛው አብረው ይጠበቃሉ። ባለቤቱ አሮጌ ጋጣ ለማፍረስ ቢፈልግ አስቀድሞ ፈቃድ መጠየቅ ይኖርበታል።