ፓተንት ለጀማሪ ኩባንያዎች የባለሀብቶችን በር ይከፍታል? ጉዳዩ ከጂቡቲ ሲታይ

ጀማሪ ኩባንያዎች ወይም ስታርትአፖች ለባንክ ብድር በመያዣነት የሚያቀርቡት ሕንጻም ሆነ ማሽን ብዙውን ጊዜ የላቸውም። ዋናው ሀብታቸው ሐሳባቸው ነው። ይህን ሐሳብ በሕግ የሚታወቅ ንብረት ከሚያደርጉት መንገዶች አንዱ የፈጠራ ባለቤትነት መብት፣ ማለትም ፓተንት ነው። የሕዝብ ቁጥሯ አንድ ሚሊዮን ገደማ በሆነው ጂቡቲ ግን የፓተንት ዋጋ በአብዛኛው የሚወሰነው ከአገሪቱ ድንበር ባሻገር በሚሸፍነው ገበያ ነው።

ባለሀብቶች ለምን ይፈልጉታል?

ቬንቸር ካፒታል የሚባሉት ድርጅቶች ገና ትርፋማ ያልሆኑ ኩባንያዎችን ድርሻ እየገዙ ገንዘብ ያቀርባሉ። ተመርምሮ የተሰጠ ፓተንት ቴክኖሎጂው አዲስ መሆኑን ያመለክታቸዋል፤ ተፎካካሪዎች በቀላሉ እንዳይቀዱትም ይከላከላል። ኩባንያው ቢከስር እንኳ መብቱ ሊሸጥ ይችላል።

ፋሬ-ሜንሳ፣ ሄግዴ እና ዩንግክቪስት የተባሉ ተመራማሪዎች በአሜሪካ ለመጀመሪያ ጊዜ ፓተንት ያመለከቱ ጀማሪ ኩባንያዎችን አጥንተዋል። ማመልከቻ ለመርማሪዎች የሚደርሰው በዕጣ በሚመስል መንገድ ሲሆን፣ አንዳንዱ መርማሪ ከሌላው ይልቅ ጥብቅ ነው። ይህን ልዩነት ተጠቅመው ባደረጉት ንጽጽር፣ የመጀመሪያውን ፓተንት ማግኘት በቀጣዮቹ ሦስት ዓመታት ከቬንቸር ካፒታል ገንዘብ የማግኘትን ዕድል በ47 በመቶ እንደሚያሳድግ ደርሰውበታል።

የጂቡቲ ፈጣሪዎች ምን ዕድል አላቸው?

ጂቡቲ በአውሮፓውያኑ 2002 የዓለም አእምሯዊ ንብረት ድርጅት እና የፓሪስ ስምምነት አባል ሆናለች። በ2009 የኢንዱስትሪ ንብረት ሕግ ያወጣች ሲሆን፣ ከመስከረም 2016 ጀምሮ ደግሞ በዓለም አቀፉ የፓተንት ትብብር ስምምነት ታቅፋለች።

ለምሳሌ በጂቡቲ ከተማ የሚገኝ አንድ ኩባንያ የባሕርን ውሃ በፀሐይ ኃይል የሚያጣራ መሣሪያ ሠራ እንበል። ኩባንያው በመጀመሪያ በአገሩ ያመለክታል፤ በ12 ወራት ውስጥ ደግሞ በትብብር ስምምነቱ በኩል ዓለም አቀፍ ማመልከቻ ያስገባል። ስምምነቱ ራሱ ፓተንት አይሰጥም። ነገር ግን መብቱን በየትኞቹ አገሮች እንደሚጠይቅ ለመወሰን፣ ከመጀመሪያው ማመልከቻ አንስቶ በአብዛኞቹ አባል አገሮች 30 ወራት ይሰጠዋል። በዚህ ጊዜ ውስጥ ባለሀብት መፈለግ ይቻላል። ጂቡቲ በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ዝርዝር ውስጥ በዝቅተኛ የዕድገት ደረጃ ላይ ከሚገኙ አገሮች አንዷ በመሆኗ፣ ነዋሪ ዜጎቿና ኩባንያዎቿ ከስምምነቱ ዋና ዋና ክፍያዎች የ90 በመቶ ቅናሽ ያገኛሉ።

መብቱ የት ድረስ ይደርሳል?

ፓተንት የሚጸናው በተሰጠበት አገር ብቻ ነው። አብዛኛው የኢትዮጵያ የወጪና ገቢ ንግድ በጂቡቲ ወደብ ቢያልፍም፣ በጂቡቲ የተሰጠ ፓተንት በአዲስ አበባ ጥበቃ አያስገኝም።

ሁሉም የሥራ ውጤትም ለፓተንት አይበቃም። በ1995 የወጣው የኢትዮጵያ አዋጅ ቁጥር 123 የኮምፒውተር ፕሮግራሞችን ከፓተንት ውጭ ያደርጋል፤ እነዚህን የሚጠብቃቸው የቅጂ መብት ነው። ስለዚህ የክፍያ ወይም የማድረሻ መተግበሪያ የሚሠሩ ኩባንያዎች ባለሀብትን የሚያሳምኑት ይበልጥ በደንበኞቻቸው ብዛት፣ በገቢያቸውና በንግድ ምልክታቸው ነው።

ፓተንት ብቻውን ኩባንያን እንደማያድን ደግሞ የጤፍ ጉዳይ ያሳያል። በ2005 ከኢትዮጵያ ጋር በጤፍ ዘረመል ላይ ስምምነት የተፈራረመው ኤችፒኤፍአይ የተባለ የኔዘርላንድስ ኩባንያ፣ በጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት ላይ የአውሮፓ ፓተንት ቢያገኝም በ2009 ከስሯል። በ2018 ደግሞ የሔግ ፍርድ ቤት ፓተንቱ በኔዘርላንድስ ዋጋ እንደሌለው ወስኗል።

ከማመልከቻ በፊት ምን ይደረግ?

ለፓተንት ቀዳሚው መስፈርት አዲስነት ነው። የፈጠራውን ምስጢር በውድድር መድረክ ወይም በማኅበራዊ ሚዲያ አስቀድሞ መግለጽ መብቱን ሊያሳጣ ይችላል፤ በአውሮፓ በዚህ ረገድ ያለው የእፎይታ ጊዜ እጅግ ውስን ነው። ብዙ የቬንቸር ካፒታል ድርጅቶች በመጀመሪያው ውይይት ላይ የምስጢር ጥበቃ ውል ለመፈረም ፈቃደኛ አይሆኑም። በመሆኑም ፈጣሪዎች ከባለሀብት ጋር ከመቀመጣቸው በፊት ማመልከቻቸውን ቢያስገቡ፣ ካልሆነም መሣሪያው የሚሰጠውን ጥቅም ብቻ አስረድተው አሠራሩን ቢያቆዩ ይመረጣል።