የትእዛዝ ዝርዝሩ ማደሪያ፤ ከሎተስ እስከ ኤክሴል

የሒሳብ ሠራተኛ በኮምፒዩተር ሰንጠረዥ ላይ በማክሮ የራሱን ቅጽ ሠርቶ ሜኑ የሚባለውን የትእዛዝ ዝርዝር ሲያክልበት፣ ዝርዝሩ አንድ ቀን ሳይወጣ ይቀራል፤ አለዚያም ያልታሰበ ፋይል ይከፍታል። የዚህ ስሕተት ምንጭ ብዙውን ጊዜ የማክሮው አጻጻፍ ሳይሆን ዝርዝሩ የሚያድርበት ስፍራ መሆኑን የሥራው ታሪክ ያስረዳል።

ዳን ብሪክሊንና ቦብ ፍራንክስተን እ.ኤ.አ. በ1979 ባወጡት ቪዚካልክ ተጠቃሚው የሚያገኘው ሠሪዎቹ ያስቀመጡለትን ትእዛዝ ብቻ ነበር። በ1983 የወጣው ሎተስ 1-2-3 ግን ሰው የራሱን ዝርዝር እንዲያበጅ ፈቀደ። እስከ 8 የሚደርሱ ምርጫዎች በአንድ ረድፍ ጎን ለጎን ይጻፋሉ፤ ከየምርጫው በታች ማብራሪያው፣ ከዚያም በታች የሚፈጸመው ትእዛዝ ይከተላል። ዝርዝሩ በራሱ በሰንጠረዡ ላይ ስለሚያድር ከፋይሉ አይለይም። ጉዳቱም ከዚሁ የመጣ ነው፤ ሠራተኛው የማያስፈልገውን የሒሳብ ረድፍ ሲሰርዝ በዚያው ረድፍ በስተቀኝ የተጻፈውን ማክሮ ሳያውቅ አብሮ ይቆርጠዋል። ስለዚህ ልምድ ያላቸው ሰዎች ማክሮውን ረድፍም ዓምድም ከሒሳቡ ጋር እንዳይጋራ በሰያፍ አርቀው ያስቀምጡት ጀመር።

ሎተስ ገበያውን ለማይክሮሶፍት ኤክሴል ከለቀቀ በኋላ ችግሩ መልኩን ለወጠ። ኤክሴል 97 ለቅጽ የሚሆን አዲስ መሥሪያ ይዞ ቢመጣም፣ በውስጡ ለሜኑ የተዘጋጀ ዕቃ አልነበረም። ፕሮግራም ጸሐፊዎች ከኤክሴል ከራሱ የትእዛዝ አሞሌ ተበድረው በማውስ የቀኝ ቁልፍ ብቅ የሚል ዝርዝር አበጁ። ይህ አሞሌ ግን የሚያድረው በፋይሉ ውስጥ ሳይሆን በኤክሴል ዘንድ ነው። ጊዜያዊ ተብሎ ካልተፈጠረ ፋይሉ ከተዘጋም በኋላ ይኖራል፤ በማግስቱ ማክሮው በዚያው ስም ሌላ ሊፈጥር ሲሞክር ስሕተት ተነሥቶ ሥራው ይቆማል። ባለቤቱ ማክሮውን ሲመረምር ይውላል፤ ማክሮው ግን ትናንት የሠራው ያው ነው። ጊዜያዊ የተባለውም ቢሆን ኤክሴል እስኪዘጋ ስለሚቆይ፣ መድኃኒቱ አስቀድሞ አሮጌውን መደምሰስ፣ ቀጥሎ አዲሱን መፍጠር ሆነ። በዝርዝሩ የሚጠራው ማክሮም ከቅጹ ጀርባ ሳይሆን በተራው ሞጁል ውስጥ መጻፍ ነበረበት፤ አለዚያ ዝርዝሩ ይወጣል እንጂ አይታዘዝም።

ከሁሉ የከፋው ምንም ማስጠንቀቂያ የማይሰጠው ስሕተት ነው። ሳይደመሰስ የቀረው ዝርዝር የቀድሞውን ፋይል አድራሻ ይዞ ይቀራል። ፋይሉ ወደ ሌላ ማኅደር ተገልብጦ ሥራው በአዲሱ ቅጂ ከቀጠለ በኋላ፣ ሠራተኛው ዝርዝሩን ሲነካ አሮጌው ቅጂ ይከፈትና የአዲሱ ወር ሒሳብ በአሮጌው መዝገብ ላይ ይሰፍራል።

በ2007 ኤክሴል የላይኛውን ሜኑ ሪባን በተባለው ሲተካ፣ በማክሮ የተሠሩት የላይ ዝርዝሮች በአንድ የተጨማሪዎች ገጽ ተሰበሰቡ። በቀኝ ቁልፍ የሚወጣው ዝርዝር ግን በቀድሞው አሠራር ቀጠለ፤ በዚያ ዘመን በጥንቃቄ የተጻፉ ቅጾችም ዛሬ ሲከፈቱ ያንኑ የመደምሰሻ መስመር ይዘው ይገኛሉ።