ከመግሪብ በፊት የምትወጣዋ ጨረቃ፦ በነቀምቴ ሙሉ ጨረቃን ፎቶ ማንሳት

ሙሉ ጨረቃ የምትወጣው ፀሐይ በምትጠልቅበት ሰዓት አካባቢ ነው። ጨረቃ ሙሉ የምትሆነው ከመሬት ሲታይ ከፀሐይ ተቃራኒ ስትቆም ስለሆነ፣ ፀሐይ በምዕራብ ስትገባ እሷ በምሥራቅ ብቅ ትላለች። ለሙስሊም ፎቶ አንሺ ችግሩ እዚህ ላይ ነው፤ ያ ሰዓት የመግሪብ ሰዓት ነው። አያመል ቢድን (የወሩን 13፣ 14 እና 15) ለሚጾም ደግሞ ማፍጠሪያውም ያኔ ነው። የመግሪብ ወቅት አጭር ነው፤ ጀማዓ ያስመለጠ ፎቶ ደግሞ የቱንም ያህል ቢያምር ውድ ነው።

መፍትሔው ከጨረቃዋ ጉዞ ይገኛል። ጨረቃ በየቀኑ በአማካይ 50 ደቂቃ ያህል እየዘገየች ትወጣለች። ስለዚህ ብዙውን ጊዜ በሒጅራው ወር 13ኛ ቀን ማብቂያ ላይ፣ የ14ኛው ሌሊት ሊገባ ሲል፣ ጨረቃ ከመግሪብ አዛን ቀደም ብላ ትወጣለች። በማግስቱ ግን ከአዛኑ ጋር ወይም ከዚያ በኋላ ነው የምትወጣው። ወሩ የገባበት ሁኔታ ይህን በአንድ ቀን ሊያዛንፈው ይችላልና የመውጫ ሰዓቱን አስቀድሞ በስልክ መተግበሪያ ማየት ይገባል። የቀደመችው ምሽት ጨረቃ ለዓይን ከሙሉዋ ብዙም አትለይም። ለፎቶም የተሻለችው እሷ ናት፤ ምድሩ ገና ብርሃን ስላለው መስጂዱም ዛፉም ከጨረቃዋ ጋር አብሮ ይታያል። ከጨለመ በኋላ ግን ወይ ጨረቃዋ ነጭ ነጠብጣብ ትሆናለች፣ ወይ ሌላው ሁሉ ይጠቁራል።

ሰዓቱን ሲያዩ የአዲስ አበባን አይጠቀሙ። ነቀምቴ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ ስለሆነች ፀሐይም ጨረቃም 9 ደቂቃ ያህል ይዘገዩባታል፤ ደምቢ ዶሎ ላይ መዘግየቱ ወደ 16 ደቂቃ ይጠጋል። ከፊት ያለ ኮረብታም ይጨመርበታል፤ ኮረብታው ከአድማሱ በአንድ ዲግሪ ከፍ ባለ ቁጥር ጨረቃዋ 4 ደቂቃ ያህል ትዘገያለች። ተራራማ በሆነው በነቀምቴና በጊምቢ አካባቢ ይህ ቀላል አይደለም፤ ከአዛን በፊት የታሰበው 20 ደቂቃ ወደ 10 ሊወርድ ይችላል።

አቅጣጫን ለማወቅ ኮምፓስ የሌለው ሰው ሚህራብ ይበቃዋል። ከነቀምቴ ወደ መካ ያለው ቂብላ ከሰሜን ወደ ምሥራቅ 14 ዲግሪ ያህል ብቻ ያዘነበለ ነው። እንግዲህ በሶፍ ለቆመ ሰው ጨረቃ የምትወጣው በቀኝ እጁ በኩል ነው። በታኅሣሥ አካባቢ ሙሉዋ ጨረቃ ከቀኝ ወደ ፊት፣ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ታደላለች፤ በሰኔ ደግሞ ከቀኝ ወደ ኋላ፣ ወደ ደቡብ ምሥራቅ። መስጂዱን ከጨረቃ ጋር ማንሳት የፈለገ ሰው ከመስጂዱ በስተ ምዕራብ መቆም አለበት። ባለፉት ዓመታት በወለጋ ከነበረው የፀጥታ ሁኔታ አንጻር ለዚህ ሲባል አምሽቶ ከከተማ መውጣት ተገቢ አይደለም፤ ከከተማው ውስጥ ከፍ ያለ ቦታ፣ ወይም በባለቤቱ ፈቃድ የሕንፃ ጣሪያ ይበቃል።

ጨረቃዋ ከሚናራው ኋላ ግዙፍ ሆና የምትታይባቸው ፎቶዎች ምስጢራቸው ርቀት ነው። ጨረቃ በሰማይ ላይ የምትይዘው ግማሽ ዲግሪ ያህል ነው፤ አንድ ነገር ከሷ ጋር እኩል የሚታየው ከቁመቱ 115 እጥፍ ያህል ርቀት ላይ ሲቆሙ ነው። 1 ሜትር የሆነችው የሚናራው ጫፍ ሂላል ጨረቃዋን የምታክለው ከ115 ሜትር ርቀት ሲነሣ ነው፤ 20 ሜትር የሆነ ሚናራ ግን 2.3 ኪሎ ሜትር ይፈልጋል። ረጅም ሌንስም ያስፈልጋል፤ 200 ሚሊ ሜትር ሌንስ እንኳ ጨረቃን በካሜራው ገጽ ላይ 2 ሚሊ ሜትር አያሞላትም።

ስትወጣ ትልቅ መስላ መታየቷ የዓይን ሳይሆን የአእምሮ ፍርድ ነው። ከ965 እስከ 1040 አካባቢ የኖረው ኢብን አል-ሀይሰም «ኪታብ አል-መናዚር» በተባለው ሥራው ጉዳዩን በዚህ መንገድ መርምሮታል። ካሜራው አይታለልም፤ ብዙ ሰው «ስልኬ አሳነሳት» የሚለውም ለዚህ ነው።

ነቀምቴ ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆነች ጨረቃ ወደ ላይ ቀጥ ብላ ነው የምትወጣው። በ2 ደቂቃ የራሷን ስፋት ያህል ትጓዛለች፤ ስለዚህ መቆሚያው አስቀድሞ ይተከል። ለካሜራ አይኤስኦ 400፣ ኤፍ 8 እና 60ኛ ሰከንድ ጥሩ መነሻ ነው፤ ከፍ እያለች ስትሄድ ብርሃኗ ስለሚጨምር ፍጥነቱ ወደ 125ኛና ወደ 250ኛ ሰከንድ ይጨመራል። በስልክ ከሆነ ጨረቃዋን በጣት ነክቶ ብርሃኑን መቀነስ፣ የ2 ሰከንድ ማዘግያ መጠቀም፣ ዙሙንም ከስልኩ ሌንስ አቅም በላይ አለመጎተት ነው። አንዳንድ ስልኮች የጨረቃን ገጽታ ራሳቸው እንደሚያሻሽሉ በ2023 በሳምሰንግ ስልኮች ላይ የተነሣው ክርክር አሳይቷል። ሁለት ፎቶ አጣብቆ የሚለጥፍ ሰውም ማጣበቁን ቢጽፍ አማና ነው።

ክረምቱ በወለጋ ብርቱ ስለሆነ ከሰኔ እስከ መስከረም የምሥራቁ አድማስ በደመና ይሸፈናል። ከኅዳር እስከ ጥር ያሉት ወራት ይሻላሉ።

አንድ ነገር ግን ሳይነገር አይታለፍም። በረመዷን አጋማሽ የሙሉ ጨረቃ ፎቶ እየተለጠፈ «ወሩ ተሳስቶ ነው የገባው» የሚል ክርክር ይነሣል። ጨረቃ ሙሉ የምትሆንበት ቅጽበት ከወር ወር ይለያያል፤ በ14ኛው ወይም በ15ኛው ሌሊት ሊውል ይችላል፣ አልፎ አልፎም ከዚያ ይወጣል። በዓይን ደግሞ ሦስት ሌሊት ያህል ሙሉ ትመስላለች። የወሩ መግባት የሚታወቀው በሂላሉ መታየት ወይም ያለፈውን ወር 30 በመሙላት ነው፤ የአጋማሹ ፎቶ ለዚያ ማስረጃ አይሆንም።